ጊደሯ ከሜዳው አልተማረችም

«ልጅ የሰፈሩ ነው» የሚለውን ጽሑፍ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም ላከችልኝ። ጸሐፊው የጎንደር ሰው ናቸው፤ ብዕራቸውም ይጥማል። እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው፤ ማር የተቀባ ስህተት ሳይታኘክ ይዋጣል። እዚሁ ከተማ፣ ከአራዳ ገበያ ዝቅ ብሎ ባለ መንደር ተወልጄ አድጌ፣ ላለፉት 17 ዓመታት በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። ጸሐፊው አምስት ነገር ይላሉ። በግንቡ ጥላ ያደገ ልጅ ማንነቱን አውቆ ቀና ብሎ ይሄዳል። ጠላ ቤትና ጫት ቤት በበዛበት መንደር ያደገ ይበላሻል። ይህንንም የአሜሪካ ተመራማሪዎች በቁጥር አረጋግጠውታል። የገጠር ልጅ ጨዋ፣ የከተማ ልጅ ስድ ነው። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ስምንተኛ ክፍል ሲጨርስ ከመጥፎ ሰፈር አውጥቶ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ይላከው፤ አባቶቻችንም ቢሆኑ ልጅን ከቀዬው ነቅለው ለየኔታ ይሰጡ ነበር።

ቦታ ልጅን አይቀርጽም ልል አልተነሳሁም። ይቀርጻል። ክርክሬ በምኑ በኩል ነው የሚቀርጸው በሚለው ላይ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አንድም ቦታ አላነሱትም።

ከግንቡ እንጀምር። የእኛ ቤት በር ሲከፈት የፋሲል ግቢ አጥር ይታያል። ዙሪያው 900 ሜትር ያህል የሆነ የድንጋይ አጥር ነው፤ ለእኛ ግን ጎል ነበር። ኳሱ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ዘበኛውን መለመን አለ፤ ስለ ዐፄ ፋሲል በዚያ ዕድሜያችን ከአጥሩ ሥር የተማርነው ነገር ቢኖር «ሂዱ ከዚህ!» የሚለው ነው። ውስጡን ያየሁት ትምህርት ቤት አሰልፎ ሲወስደን ነው። ታሪኩን አንድ በአንድ የሚያውቁት ልጆች ሌሎች ነበሩ፤ ፈረንጅ ተከትለው የሚያስጎበኙት። የትኛውን ግንብ የትኛው ንጉሥ እንዳሠራው በሦስት ቋንቋ ይነግሩሃል፤ ካላወቁ እራት የለማ! ያስተማራቸው ሥራው ነው እንጂ ጥላው አይደለም። (በነገራችን ላይ ጽሑፉ ፒያሳንም ጭምር የነገሥታቱ የእጅ ሥራ አድርጎታል። ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ ያሉበት፣ ማዕዘኑ ክብ ክብ ያለው ሰፈር ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የሠራው ነው።)

ይልቅ የጎንደርን ልጅ አሳብ የለወጠ ቦታ ጥቀስ ካሉኝ ሌላ አለኝ። ደምቢያን ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ ማግስት፣ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጁ ተከፈተ፤ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ከዚያ ወዲህ የዚህ ከተማ ልጅ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው በመንገዱ ላይ እያየ አደገ። ያ ሰው የጎረቤት ተከራይ ነው፣ እድር ላይ ይቀመጣል፣ ሱቅ ላይ በዱቤ ይወስዳል። ክፍሌ ውስጥ «ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?» ስል ግማሹ እጅ «ሐኪም» ብሎ ይነሳል። ንጉሥ መሆን እፈልጋለሁ ያለኝ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሁለተኛው ነጥባቸው የጽሑፉ ልብ ነው፤ እኔም እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» የሚለውን ተረት አምጥተው፣ ከአራዳ በታች ያለውን ጣሳ የተሰቀለበትን መንደር ለምሳሌ ያነሳሉ። የእኔን መንደር ማለታቸው ነው። ተረቱ ልክ ነው። ግን ጊደሯ የተማረችው ከአህያዋ ነው እንጂ ከሜዳው አይደለም። እዚያው ሜዳ ላይ ከበሬ ጋር ብትውል ኖሮስ?

የእኛ ግቢ ሰባት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ነበረው። ከበሩ ገባ እንዳሉ በስተግራ እቴቴ የምንላት ሴት ጠላ ቤት አለ። እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ፣ ጋኖቹ፣ ግድግዳውን ይዞ የዞረ መደብ፣ ጠዋት ጠዋት መንደሩን የሚሞላ የጌሾ ሽታ። ጸሐፊው እንደሚሉት ከሆነ እኔ ዛሬ ጠመኔ ሳይሆን ጣሳ ይዤ መገኘት ነበረብኝ።

እቴቴ ማንበብ አትችልም። ግን ሰኔ 30 ካርድ ተቀብሎ የመጣ የግቢው ልጅ ሁሉ በእሷ በር ሳያልፍ ቤቱ አይገባም። እጇን በሽርጧ ትጠርግና ካርዱን ትቀበላለች። ብዙ ጊዜ ዘቅዝቃ ነው የምትይዘው። የምትፈልገው ቁጥር አይደለም፤ ቀይ ነው። አስተማሪ ከ50 በታች የሆነውን በቀይ እስክሪብቶ እንደሚጽፍ ታውቃለች። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ሒሳብ።»

«ምን አለ?»

«38።»

ምንም አልተናገረችኝም። መደቡ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንድ ጡረታ የወጡ ሒሳብ ያዥ ነበሩ፤ በቀን ሁለት ጣሳ ነው የሚጠጡት፣ አይጨምሩም አይቀንሱም። ወደ እሳቸው ዞራ፣ «ጋሼ፣ ይኼን ልጅ ማካፈል ሳያሳዩት ከዛሬ ጀምሮ ሁለተኛው ጣሳ አይቀዳም» አለች። ቤቱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ነገሯም የምር ነበር። ያን ክረምት ከምሳ በኋላ እዚያ መደብ ላይ፣ በከሰል በተጻፈ ቁጥር ማካፈል ተማርኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሞቅ ያለው ሰው መብዛት ስለሚጀምር፣ «በሉ ልጆች፣ ውጡ!» ትለናለች። ከዚያች ሰዓት በኋላ የእሷን ደፍ የረገጠ ልጅ አላስታውስም።

ከዚያው ግቢ የጠፋ ልጅም አለ፤ ልደብቅ አልፈልግም። ከእኛ ሦስት ቤት ያልፍ ነበር። አሳዳጊ አያቱ ስትሞት የትም ውሎ የትም የሚያድር ሆነ፣ እቴቴም ደጋግማ ጠርታው አልመጣላት አለ። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጌሾ ሽታ ነው ያሳደገን። ሰፈሩ ዕጣችን ከሆነ ለምን ሁለት ሆንን?

ይህን በቁጥር ያዩትም አሉ። ሐዋይ ውስጥ በካዋይ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ተመራማሪዎች ከልደት እስከ ጉልምስና ተከታትለዋቸዋል። በድህነት፣ በወላጅ ጠብ፣ በመጠጥ በተናጋ ቤት ካደጉት ውስጥ ሲሶ ያህሉ ደህና ሰው ሆነው ወጡ። ከተገኙት ምክንያቶች ጎልቶ የወጣው፣ ልጁን ከልቡ የያዘ ቢያንስ አንድ አዋቂ መኖሩ ነው፤ ያ ሰው ወላጅ ላይሆን ይችላል፣ አያት፣ አስተማሪ፣ ጎረቤት። ጥናቱን ሳነብ እቴቴ በሽርጧ እጇን ስትጠርግ ነው የታየችኝ።

ቋንቋችንም እኮ ይህን ያውቃል። ልጅ ሲያጠፋ «አሳዳጊ የበደለው» እንላለን። «ስድ አደግ» እንላለን፤ ልቅ የተተወ፣ ያዥ ያጣ ማለት ነው። ወዳጅነትን ስንጠራ «አብሮ አደግ» ነው የምንለው። «ሰፈር የበደለው» ብሎ የሰደበ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ጫት ቤቱንና ሺሻ ቤቱን ለመከላከል እንዳልወጣሁ ይታወቅልኝ። ከትምህርት ቤታችን አጥር በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ አንድ አለ፤ የሚመለከተው አካል ቢዘጋው ደስ ይለኛል። ግን ያንን ቤት የሚያስፈራኝ ቅርበቱ ብቻ አይደለም። እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ሲገባ አይቶ «የማን ልጅ ነህ?» አለማለቱ ነው። በእቴቴ ቤት ይህ ጥያቄ ነበር። የእኔ መንደር ከአሁኑ የሚለየው በዚህች ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው፣ የአሜሪካው ጥናት። ጥናቱ አለ፤ የታወቀም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1998 በባልቲሞር፣ በቦስተን፣ በቺካጎ፣ በሎስ አንጀለስና በኒው ዮርክ፣ በድሃ ሰፈር የሚኖሩ 4,600 ያህል ቤተሰቦች ዕጣ ወጣላቸው። ከፊሎቹ ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር ከገቡ ብቻ የሚያገለግል የቤት ኪራይ ድጎማ ደረሳቸው፤ ከፊሎቹ ባሉበት ቀሩ። ዕጣ መሆኑ ነው የጥናቱ ጉልበት፤ «ድሮም ጎበዝ ወላጅ ነው ልጁን ይዞ የሚወጣ» እንዳይባል ያደርጋል። መጀመሪያ የወላጆቹ ገቢ ሲታይ ፈቅ አላለም፤ ብዙዎች ተስፋ ቆረጡበት። እ.ኤ.አ. በ2016 እነ ራጅ ቼቲ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ግን ልጆቹን አድገው አያቸው፤ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ገቢያቸው ከቀሩት በ31 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ።

ጸሐፊው 31ን ጠቅሰው እዚህ ላይ አራት ነጥብ አደረጉ። ጥናቱ ግን አራት ነጥብ አላደረገም። ከ13 ዓመታቸው በኋላ የተዛወሩት ልጆች አልተጠቀሙም፤ እንዲያውም ትንሽ ጎድቷቸው እንደሆነ የሚያመለክት ነገር ታይቷል። ምክንያቱም ጥቅሙ የሚጠራቀመው ልጁ በአዲሱ ቦታ በቆየባቸው ዓመታት ልክ ነው፣ መነቀሉ ራሱ ደግሞ ያማል። አሁን የጸሐፊውን ምክር መልሰን እንየው፦ ስምንተኛ ክፍል ሲጨርስ ይላክ። ስምንተኛ ክፍል የሚጨርስ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? 14፣ 15። የጠቀሱት ጥናት አይበጅም ባለው ዕድሜ ላይ፣ ያንኑ ጥናት ምስክር አድርገው ልጅ ላኩ ይሉናል! ደግሞም በጥናቱ ውስጥ የተዛወረው ቤተሰቡ ነው፤ እናት አብራ ሄዳለች። ብቻውን አውቶቡስ ላይ የተጫነ ልጅ የለበትም።

ከአሜሪካ ይልቅ ደግሞ ለእኛ የሚቀርብ ነገር ነበረላቸው፤ አለመጥቀሳቸው ገርሞኛል። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተጓጓዙ። አብዛኞቹ ከዚሁ ከጎንደር ዙሪያ ናቸው፤ ወለቃ የሚሠራውን ሸክላ ያየ ሰው ማንን እንደምል ያውቃል። ሲደርሱ በየመቀበያ ጣቢያው ተደለደሉ፤ የት እንደሚገቡ እነሱ አልመረጡም። ልጆቹም ጣቢያው በሚገኝበት አካባቢ ባለው ትምህርት ቤት ገቡ። ይህ ሳይታሰብ የወጣ ዕጣ ስለሆነ ጉልድ፣ ላቪና ፓሰርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ተከታትለውት እ.ኤ.አ. በ2004 አሳተሙ። ከአንድ አገር፣ በአንድ ጊዜ፣ ባዶ እጃቸውን የመጡ ልጆች፤ ገና በታችኛው ክፍል ሳሉ በሒሳብ የተሻለ ውጤት ያለው ትምህርት ቤት የደረሳቸው በኋላ ከሁለተኛ ደረጃ የማቋረጥ ዕድላቸው ቀነሰ፣ የማጠናቀቂያ ፈተናውን የማለፍ ዕድላቸው ጨመረ።

ቦታ ይቀርጻል የሚለውን ይህ ይደግፍላቸዋል፤ አልክድም። ግን በምን በኩል? በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኩል። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጁን ከሰፈሩ ሳይነቅሉ ማሻሻል ይቻላል። ይህን የምለው የራሴን ሙያ ለማሞገስ አይደለም፤ እኔ ክፍል 70 ልጅ ተቀምጦበት ያውቃል፣ ሁሉንም አስተምሬያለሁ ብዬ አልምልም።

አራተኛውን ባጭሩ ልለፈው። የገጠር ልጅ ጨዋ ነው የሚለው ምስጋና የሚጠቅመው ተመስጋኙን ሳይሆን አመስጋኙን ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የአማራ ክልል ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአገር ደረጃ በገጠር 40፣ በከተማ 25 በመቶ ገደማ። መቀንጨር ቁመት ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት የጎደለ ምግብ አእምሮንም ይነካል። «አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ጨዋ ልጅ» የምንለው አንዳንዱ፣ ሳይበላ የመጣ ልጅ ነው።

እግረ መንገዴን ስለ ውሃም ላንሳ፤ ቦታ ልጅን በምን እጁ እንደሚይዝ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለኝም። የአንገረብ ግድብ ለዚህ ሁሉ ሕዝብ አልበቃ ብሎ ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው። ውሃ የመጣበት ቀን በክፍሌ ይታወቃል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከተጀመረ በኋላ በሩን ገፋ አድርጋ የምትገባ ልጅ አለች፤ የዩኒፎርሟ ጀርባ ከትከሻ እስከ ወገብ ርጥብ። ጄሪካኑ ክዳን የለውም፣ በላስቲክ ነው የተወተፈው። ሌሊት የመጣ ውሃ ከሆነ ደግሞ በሰዓቷ ትመጣለች፣ ግን ደብተሯ ላይ ትተኛለች። የዚህች ልጅ ሰፈር መጥፎ ነው? ጎረቤቶቿ ደጎች ናቸው፣ ጠላ ቤትም የለበት። እዚያች ልጅና ትምህርቷ መካከል የገባው ቧንቧው ነው።

ወደ መጨረሻው ልምጣ፤ ልጅን መላክ። የየኔታን ነገር ማንሳታቸውን ወድጄዋለሁ፤ ግን የገዛ ምሳሌያቸው ይረታቸዋል። የቆሎ ተማሪ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ለምዱን ለብሶ፣ ኮሮጆውን አንግቶ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ለአቋቋም፣ ማለትም ለዜማና ለሽብሸባ ትምህርት ሲመጣ፣ የመጣው ወደ ቦታ አይደለም። ወደ ሰው ነው። «የት ተማርክ?» ቢሉት የመምህሩን ስም ነው የሚጠራልዎ። የኔታ ቦታ ቢቀይሩ ተማሪው ጎጆውን ጥሎ ይከተላል። ለዚያ ልጅ ሰፈሩ የኔታ ናቸው፤ ሲያጠፋ የሚገርፉት፣ ሲታመም የሚጠይቁት፣ ቀለሙን ሳይዝ እንዳይተኛ የሚያደርጉት። መንደሩም ቢሆን ድርሻ ነበረው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ የቆመውን ልጅ ማንነቱን ሳያውቅ ቁራሽ ያቀብለዋል፣ ውሻውን ይይዝለታል። ውሻው ሁልጊዜ እንደማይያዝ የተማሪ ባት ምስክር ነው፤ ይሁን።

አዲስ አበባ የሚላክ ልጅስ ወደ ማን ነው የሚሄደው? እኔ ተልኬያለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ስል፣ አክስቴ ዘንድ። አክስቴ ክፉ አልነበረችም፤ በማለዳ ወጥታ ማታ ሁለት ሰዓት የምትገባ ሠራተኛ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ከጎንደሩ ይሻላል፤ ቤተ ሙከራ ነበረው፣ ቤተ መጻሕፍት ነበረው። በጥቅምት አጋማሽ አንድ ቀን ቀረሁ። ምንም አልሆነም። በማግሥቱም ቀረሁ። በየመንገዱ ስዞር ዋልኩ፤ በደንብ ልብሴ፣ ደብተሬን ይዤ፣ በሥራ ሰዓት፣ በሺህ ሰው መካከል። ከሁሉም አንድ ሰው አስቁሞ «የማን ልጅ ነህ?» አላለኝም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ኋላ ላይ ግን ፈራሁ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። የአክስቴ ጆሮ የደረሰው ትምህርት ቤቱ ወላጅ አምጣ ሲለኝ ነው። ለገና ጎንደር ስመለስ ሁለተኛ አልሄድም አልኩ። እቴቴ ጋር ስገባ ካርድ አልጠየቀችኝም፤ ፊቴን አይታ አንድ ብርጭቆ ቅራሪ ሰጠችኝና «ቁጭ በል» አለችኝ።

ከተላኩ ውስጥ የሰመረላቸው የሉም አልልም። የሰመረላቸውን ግን ጠይቋቸው፤ የሰፈሩን ስም ሳይሆን የአንድን ሰው ስም ነው የሚነግሯችሁ።

ጸሐፊው በመዝጊያቸው ላይ «እኔ የምመክረውን አድርጌያለሁ፣ ልጄ አሁን አዲስ አበባ ነው፣ እሑድ እሑድ ይደውላል» ብለዋል። ዕድሜው ስንት እንደሆነ አልጻፉም። ከ13 በታች ከሆነና እሳቸውም አብረውት ለመሄድ ካሰቡ፣ ከላይ ካልኩት ግማሹን አነሳለሁ። ካልሆነ ግን አንድ ነገር ልጠይቃቸው፦ በሚቀጥለው እሑድ ሲደውል፣ ሰኔ 30 ካርዱን መጀመሪያ ለማን እንደሚያሳይ ይጠይቁት።